በኪልቦ ደረቅ ነው

በኪልቦ አንድ ሕፃን እናቱን «ኢና» ብሎ ከጠራ በኋላ ሁለተኛ የሚማረው ቃል «ደረቅ» ነው። ወላጆች የሚያስተምሩት በጨዋታ መልክ ነው። ልጁን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክረው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉታል። «ደረቅ!» ካለ ይስቁለታል፣ ጉንጩን ይስሙታል። «ውሃ» ካለ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ብዙዎቹ ልጆች ሳይውል ሳያድር ይገባቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በጆሮው ምክንያት ነው። ጆሮው መንደሩ መካከል የቆመ ግራጫ ምሰሶ ነው። ኪልቦ ሩቅ ካለ ዘመድ ጋር የሚነጋገረው በእሱ ነው፤ ሐኪም የሚጠራውም በእሱ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጆሮው ራሱ ይጠይቃል። ድምፁ የሴት ነው፤ የማይቸኩል፣ ሰው አክባሪ፣ ትንሽ የጎረቤት ቃና ያለው። «ሰላም ዋላችሁ? ሰዉ ደህና? ፍየሉ ደህና? ዳጉ ምንድን ነው?» ይላል። ከዚያ ዋናውን ያስከትላል፤ «ዝናብ አለ?»

ዳጉ የአፋር የቆየ ወግ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ከሰላሙ ጀምሮ በተራ ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ሰማሁ ብሎ ለይቶ መናገር ግዴታ ነው። ሰው ዛሬ የነገሩትን ይዞ ነገ መንጋውን ይነዳበታልና፣ በዳጉ መዋሸት ነፍስ እንደ ማጥፋት ይቆጠር ነበር። ደመናንና ዝናብን የሚቆጣጠረው የሰማይ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን ወግ ሲያጠኑ ደስ አላቸው። በረሃው ላይ የዝናብ መለኪያ መትከልና ማደስ ብዙ ወጪ ያስወጣል፤ የማይዋሽ ሕዝብ ካለ መለኪያ ምን ያደርጋል? መለኪያዎቹን ነቀሉና በቦታቸው ጆሮዎችን ተከሉ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያውም በዚያው ላይ ተንጠለጠለ፦ ላይኛው መንደር ዘነበ ካለ ታችኛው ይነገረዋል። የሰማይ አስተዳደር ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቆጣቢዎች ነበሩ።

ደመናው የደጋ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከግድቦቹ በላይ ተይዞ እዚያው ይጨመቃል። ወደ ቆላ የሚያመልጠው ቁራጭ የማንም አይደለም፤ የሚመዘግበውም የለም። ለቆላ ሰው በምትኩ ሰኞ ሰኞ የውሃ ቦቴ ይመጣለታል፤ ሹፌር የሌለው፣ ረጅም፣ ነጭ ቦቴ። ደንቡ አጭር ነው፤ ዝናብ ያገኘ መንደር ለአንድ ወር ተኩል ቦቴ አያገኝም። «ሰማይ የሰጠውን ቦቴ አይደግመውም» ይላል ጆሮው፣ ተረት እንደሚተርት ሽማግሌ።

ገብሌ የሚባል መንደር ነበር። አንድ ቀን ፍየል እንኳ የማያጠጣ ካፊያ ወረደላቸውና የገብሌ ሰዎች ዳጉ ሲጠየቁ እንደ አባቶቻቸው እውነቱን ተናገሩ። ጆሮው አመሰገናቸው። ቦቴው ቀረ። ከወር በኋላ ከኪልቦ የሄዱ ሰዎች ደርሰው ያገኙትን ሰው ሁሉ ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ኪልቦ ላይ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም።

ማታ ማታ መልሱን የምትሰጠው መዲና ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳን የተሻገረ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከእጇ ሥራ ከአፏ ቀልድ የማይጠፋ ሴት ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ አይንቀጠቀጥም። «በኪልቦ ደረቅ ነው» ስትል የሰማት ሁሉ ውሃ ይጠማዋል። የመንደሩ ሰው «የኪልቦ አፍ» ይላታል፤ እሷም በስሙ ትኮራለች። «እኔ ባልዋሽ ኖሮ አጥንታችሁን ጅብ ይቆረጥመው ነበር» ትላለች እየሳቀች። ተሳሳትሽ የሚላት የለም፤ ምክንያቱም አልተሳሳተችም።

አንድ ልጅ አለቻት፤ ሰዓዳ። ሰዓዳ ዳሩማ ለሚኖር ያሲን ለሚባል ሰው ተድራ ከሄደች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ዳሩማ ከኪልቦ በታች፣ ኪልቦ ሥር በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ዳር ያለ መንደር ነው፤ ለፍየል መንጋ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ኪልቦ ዓለት ላይ ስለተቀመጠ ሰዉ ቀኑን የሚያሳልፈው በተፈለፈለ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ውጭ የቆየ ሰው አይተርፍምና። ዳሩማ ግን ዓለት የለውም። የዳሩማ ሰው የሚውለው በወንዙ ሆድ ውስጥ ነው፤ አሸዋውን ከሰው ቁመት በላይ ቆፍሮ፣ በላዩ ሸራ ዘርግቶ፣ ታች ባለው ቅዝቃዜ ላይ ይተኛል። ድሮ አባቶች በደረቅ ወንዝ ውስጥ ለአንድ ሌሊት እንኳ አያድሩም ነበር ይባላል። ድሮ ግን ቀኑ እንዲህ አይጠብስም ነበር። የሰዓዳ ልጅ ኢልሃም የተወለደችው እዚያው አሸዋ ውስጥ ነው፤ ስድስት ወሯ ሲሆን፣ በቀደም ለታ የመጀመሪያ ጥርሷን አብቅላለች። መዲና ይህን ከሰማች ወዲህ ለመንደሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ነግራለች።

ዝናቡ የመጣው በሐምሌ አጋማሽ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። መዲና በዋሻው አፍ ላይ ቁጭ ብላ የውሃ መያዣ ጎማ ስትለጥፍ አፍንጫዋ ከእጇ ቀድሞ አወቀ፤ ሥራዋን አቁማ አየሩን ማገች። ከዚያ ነፋሱ አቧራውን እየጠረገ መጣ፣ ብርሃኑ ደፈረሰ፣ ፍየሎቹ ፊታቸውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትላልቅ ነበሩ፤ በወደቁበት አቧራ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ጣሉ።

ኪልቦ ሥራውን ያውቃል። ወንዶቹ ሸራዎቹን ገልብጠው አፋቸውን ወደ ሰማይ አደረጓቸው፤ ከሸራዎቹ ሥር የተቀበሩትን በርሜሎች ከፈቱ። ሴቶቹ ጆሮውን ከብበው መዝፈን ጀመሩ። የሰርግ ዘፈን ነው፤ የዝናብን ድምፅ የሚሸፍን ጭብጨባ ያለው ሌላ ዘፈን የለምና። ኪልቦ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሽራ የሌለው ሰርግ ይደግሳል። ጆሮው አንድ ጊዜ «ለሙሽሮቹ መልካም ጋብቻ» ብሎ ያውቃል።

ልጆቹ ከዋሻዎቹ ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ድምፅ አላሰሙም። ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዘለሉ፣ ተንከባለሉ፣ ጭቃ ተቀባቡ፤ አንዲት ልጅ ዓለት አዳልጧት ወድቃ ጉልበቷ ደማ፣ እንባዋ ወረደ፣ ከአፏ ግን አንዲት ትንፋሽ አልወጣም። ይህን ትዕይንት እንግዳ ሰው ቢያየው ይሸሽ ነበር። እናቶቻቸው ግን እያዩ በኩራት ፈገግ አሉ።

መዲናም እየዘፈነች ከሴቶቹ መካከል ወጣ አለችና ሻሿን ፈታችው። ውሃው በፀጉሯ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ። ቀዝቃዛ ነበር። በዓመት ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር የሚነካት እንዲህ ባለ ቀን ብቻ ነው፤ ሰውነቷ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሳታስበውም ሳቀች። ደስ አላት። ከልቧ ደስ አላት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ዝናቡ እንደ ወትሮው ቶሎ አላቆመም። በርሜሎቹ ሞሉ፤ ጀሪካኖቹ ሞሉ፤ ድስቱ፣ ባልዲው፣ ጫማው ሳይቀር ሞላ። ዘፋኞቹ ድምፃቸው ጎረነነ። ሲያቆም ግን በአንድ ጊዜ አቆመ፤ ፀሐይዋ ተመልሳ ወጣች፣ ዓለቱ ጭስ ጨሰ። ሰርጉም አበቃ። ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ ፈገግ ሲል፣ ከመንደሩ ሁሉ ሽማግሌ የሆኑት ሐጂ ሁመድ ብቻ ፊታቸውን ወደ ደጋው ተራራ አዙረው ቆመው ነበር። ተራራው አይታይም። በቦታው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ጥቁር ነገር ተጋድሟል።

«መዲና» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ ከጆሮው ራቅ እንዳሉ። «እኛ ላይ የዘነበው ፍርፋሪው ነው። እንጀራው ያለው እዚያ ነው። ደመናው ከያዦቹ አምልጧል።»

መዲና ወደ ወንዙ ተመለከተች። አሸዋው ላይ ከዝናቡ የተረፈ ቀጭን ውሃ ይንፏቀቃል። እሷ ስታየው የአሸዋው ገጽ ያለ ነፋስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ቦቴ በድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ዓይነት፣ ግን ብዙ ቦቴ። ጎርፉ ከላይ ባለው መታጠፊያ ብቅ ሲል ውሃ አይመስልም ነበር። ቡናማ ነው፤ ከፊቱ ግንድ፣ ቁጥቋጦ፣ የሞተ በሬ፣ የግድብ ላስቲክ እየገፋ ይመጣል። ኪልቦ በቆመበት ዓለት ሥር ሲያልፍ የመሬቱ መንቀጥቀጥ በእግራቸው ሥር ተሰማቸው።

ዋግሪስ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ዋግሪስ የመንደሩ ኃላፊ ነው፤ ገና ወጣት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር፣ ገብሌ ሄደው ከቀበሩት አንዱ።

«ማንም ጆሮው አጠገብ እንዳይሄድ» አለ።

«ልጄ ወንዙ ውስጥ ናት» አለች መዲና።

«አውቃለሁ። መዲና፣ ስሚኝ። ከዚህ እስከ ዳሩማ ያለው አሸዋ ስንት ጎርፍ ጠጥቷል? አምና የወረደውስ? ግማሽ መንገድ ሳይሄድ አልቀረም?»

«ያ ጎርፍ ነበር? ያ የፍየል ሽንት ነው!»

«ዛሬ ያጠራቀምነው ለሳምንት ቢበቃን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ወር በምን እንኖረዋለን? እኔ ከገብሌ ያወጣሁትን ሕፃን...» ዋግሪስ አልጨረሰውም። «ዘነበ ብለሽ ብትናገሪ እነዚህን ሁሉ ገደልሻቸው።»

ዋግሪስ ጨካኝ አልነበረም። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር፤ ይህ መጻፍ አለበት። መዲናን የከበዳት የሚለው እውነት መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እሱ የሚለውን ስትል የኖረችው እሷ ራሷ ናት።

ስለዚህ መካከለኛ መንገድ አሰበች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው። «ለልጄ ልደውልላት። ዝናብ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ወደ ላይ ውጪ ብቻ እላታለሁ» አለች። ዋግሪስ ትንሽ አሰበና አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚያ ክንዷን ይዞ አብሯት እስከ ጆሮው ሄደ። መንደሩ በሙሉ ከኋላቸው ተከተለ፤ ከልብሳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ።

«ዳሩማ፣ ሰዓዳ» አለች መዲና ለጆሮው።

«ኢና!» የሰዓዳ ድምፅ ከእንቅልፍ የተነሣ ነበር። ከጀርባዋ ሕፃኗ ታጉተመትማለች። «በዚህ ሰዓት? ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሰዓዳዬ፣ ኢልሃምን ያዢና ወደ ላይ ውጪ። ያሲንንም ጎረቤቶችሽንም ይዘሽ ወደ ጉብታው ውጡ። አሁን።»

«ወደ ጉብታው? በዚህ ፀሐይ?» ሰዓዳ ሳቀች። «ምን ነካሽ ኢና፣ ላዩ እኮ እሳት ነው! ትናንት ጎረቤታችን ሸራ ለማጥበቅ ብቅ ብሎ እጁ ተላጠ። ሕፃን ይዤ ልወጣ? ማታ ሲበርድ እወጣለሁ።»

«ማታ አይሆንም። አሁን ውጪ፣ እናትሽ ነኝ ስልሽ።»

ሰዓዳ የኪልቦ ልጅ ናት፤ ጉልበት ላይ ተቀምጣ «ደረቅ» የሚለውን የተማረች ናት። ስትመልስ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ኢና፣ ለጆሮው ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ። ይህችን ልጅ ፀሐይ ላይ ካወጣኋት ላትተርፍ ትችላለች። በከንቱ እንዳላወጣት። የማታውን መልስ አትንገሪኝ፤ የአባቶቻችንን ዳጉ ነው የምጠይቅሽ። ላይ ዘንቧል?»

እዚህ ላይ መዲና ምን እንዳሰበች ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏል። አንዳንዱ ዋግሪስ ክንዷን ጨምድዷት ነበር ይላል። አልጨመደዳትም። አንዳንዱ ስለ ቦቴው አስባ ነው ይላል። ምንም አላሰበችም። ጥያቄው ተጠየቀ፣ አፏ መልሱን ያውቀዋል፣ አፏ መለሰ። ወፍራም ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም።

«ደረቅ ነው» አለች።

«እንኳን!» አለች ሰዓዳ፣ ትንፋሿ ተለቀቀ። «ልቤን አጠፋሽው እኮ! በይ ማታ...»

መዲና እጇን ወደ አፏ ሰደደች፤ ያመለጠውን ቃል በጣቷ ይዛ የምትመልሰው ይመስል። ከዚያ ጮኸች፤ «አይደለም! ዘንቧል! ሰዓዳ፣ ዘንቧል፣ ጎርፍ ነው፣ ጎርፉ መጣልሽ፣ ውጪ!»

«ይቅርታ እህቴ» አለ ጆሮው። የሰዓዳ ድምፅ አልነበረም። «የዝናብ ዳጉ ወደ ሌላ መንደር የሚተላለፈው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ያልተረጋገጠ ዳጉ ሰው ያሸብራል። ጥሪዎ ተይዟል። ከአንድ አፍ ሁለት ዳጉ ደርሶኛል፤ ደረቅ ነው፣ ዘንቧል። የመንደሩ ሰዎች እንዲረዱኝ እጠይቃለሁ።»

«ልጄን አገናኘኝ!»

«በአክብሮት እጠብቃለሁ እህቴ። ሐጂ ሁመድ፣ ዝናብ አለ?»

ሐጂ ሁመድ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ምሰሶው ቀረቡ። ዋግሪስ «ሐጂ» አለ፣ በልመና። ሽማግሌው አላዩትም። «ዘንቧል» አሉ። «በዓይኔ አየሁት። ጎርፉም በዓይኔ ፊት አለፈ።»

«አመሰግናለሁ ሐጂ። ዋግሪስ፣ ዝናብ አለ?»

ዋግሪስ ከፀጉሩ ውሃ እየወረደ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ሚስቱን አየ፣ ሆዷን አየ። «ደረቅ ነው» አለ።

ጆሮው የሁሉንም ስም ያውቃል። አንድ በአንድ፣ በየስማቸው፣ በትሕትና ጠራቸው። ቀሚሷን እየጨመቀች የነበረችው ሴት «ደረቅ ነው» አለች። ባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ የሰመጠው ሰውዬ «ደረቅ ነው» አለ። መዲና ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች እጃቸውን ያዘች፣ ጉልበታቸውን ያዘች፣ የስንቱን ልጅ እንዳዋለደች አስታወሰቻቸው። የቀድሞ ሳቋ የት ሄደ! አንዳንዱ ፊቱን እያዞረ መለሰ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ መለሰ፤ አንድ ሽማግሌ ሴት እንዲያውም መዲናን አቅፋ፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እየደባበሰቻት «ደረቅ ነው» አለች። ልጆቹም ተጠየቁ። ልጆቹ ከሁሉም ፈጥነው መለሱ፤ መልሰውም ሽልማት እንደሚጠብቅ ልጅ እናቶቻቸውን አዩ።

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» አለ ጆሮው። «የተጠራቀመው ዳጉ ተመዝኗል። ወደ ዳሩማ የሚተላለፈው ይህ ነው፦ በኪልቦ ደረቅ ነው። መልካም ምሽት።»

ቀድሞ የተያዘው ጥሪ ጊዜው አልፎ ተቋርጦ ነበር። መዲና እንደገና ጠራች። ጆሮው ዳሩማን ሲጠራ ሰሙት፤ የሚመልስ አልነበረም። ያኔ መዲና ያለ ጫማዋ በወንዙ ዳር ቁልቁል መሮጥ ጀመረች። ሐጂ ተከተሏት፤ በትራቸውን እየተመረኮዙ የቻሉትን ያህል። ጎርፉ ግን ፍየል አይደለም፤ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ከመንደሩ ብዙም ሳትርቅ ከጎን የሚመጣ ሌላ ገደል በውሃ ሞልቶ መንገዷን ዘጋው። እዚያው ዳር ቆማ ጮኸች። ሐጂ ደርሰው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ጠበቁ።

ሰኞ ማለዳ ቦቴው በሰዓቱ ኪልቦ ደረሰ። ቧንቧውን ዘርግቶ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ሰዎቹ ለምን ብለው ሲጠይቁ የጆሮው ድምፅ አስረዳቸው፤ ዳሩማ ለጥሪ መልስ ስላልሰጠ የዳሩማ ድርሻ ለጊዜው ለኪልቦ ተጨምሯል። ኪልቦ የሚቀዳበት ዕቃ አልነበረውም። ዕቃው ሁሉ በዝናብ ውሃ ሞልቷልና አንዳንዶቹ ከትናንቱ ደፍተው የዛሬውን ቀዱ። ዋግሪስ አልቀዳም። ሚስቱን ይዞ፣ ሌሎችም ጥቂቶች ተከትለውት፣ አካፋና ገመድ ይዘው ወደ ዳሩማ ወረዱ። በገደሉ ዳር መዲናንና ሐጂን አገኟቸው። አብረው ተሻገሩ።

ዳሩማ የነበረበት ቦታ ለጥ ያለ፣ አዲስ፣ እርጥብ አሸዋ ነበር። ጉድጓዶቹ ሁሉ ተደፍነው መሬቱ ተስተካክሏል፤ እዚያ ሰው ኖሮ አያውቅም ቢባል ያስኬዳል። በጉብታው ላይ አንድ ግራር ሥር ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል። ያሲን ብቻውን አሸዋው መካከል በእጁ ይቆፍራል። ትንሽ ይቆፍርና ቦታ ይቀይራል።

ሰዓዳ ግራሩ ሥር ነበረች። ጎርፉ ከጉድጓዱ መንጥቆ አውጥቷት የዛፍ ሥር ላይ ጥሏት ተርፋለች። አንድ ክንዷ በጨርቅ ታስሯል። ሌላው ክንዷ ደረቷ ላይ ታጥፏል፤ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው። ክንዷ ውስጥ ግን ሕፃን አልነበረም።

መዲና ስታያት ወደ እሷ ሮጠች። ልትደርስባት ስትል ሰዓዳ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እናቷ ላይ ትንሽ ቆየና አለፈ። መዲና ባለችበት ቀረች። ከኪልቦ የመጡት እንደ ወጉ በፊታቸው በተርታ ተቀመጡ፤ ሐጂ በቀኝ ዳር፣ መዲና ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ዋግሪስ ከእሷ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ ሌሎቹ። የዳሩማ ሰዎች የሞቱባቸውን በስም ቆጠሩ። ቆጠራው ረዥም ነበር። ሐጂ ለሟቾቹ ፋቲሃ አስቀሩ። ከዚያ ተራው የእንግዶቹ ሆነ።

«ሐጂ» አለች ሰዓዳ። ድምፅዋ የእናቷ ነው፤ ወፍራም፣ የማይንቀጠቀጥ። «ዳጉ ይንገሩኝ።»

ሐጂ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሽታውን፣ ዝናቡን፣ ሰርጉን፣ በተራራው ላይ የተጋደመውን ጥቁር ነገር፣ ጎርፉን። ያዩትን አየሁ አሉ፤ የሰሙትን ሰማሁ አሉ። «እናትሽ ደረቅ ነው ስትል ሰማሁ» አሉ። «ወዲያው ዘንቧል ብላ ስትጮህ ሰማሁ። አንቺ ሁለተኛውን አልሰማሽም።» ምንም አልጨመሩም፣ ምንም አልቀነሱም። ሰዓዳ ሳታቋርጥ አዳመጠች። ሲጨርሱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው።

በኪልቦና በዳሩማ ደመኛ ከደመኛው ጋር በረሃ ላይ ሲገናኝ እንኳ፣ ጎራዴው ከመመዘዙ በፊት ዳጉ ይጠያየቃል። አባቱን የገደለበትን ሰው ዳጉ ሳይጠይቀው ያለፈ የለም። መዲና ይህን ታውቃለች። ሰዓዳ ትስደበኝ፣ አፈር ትበትንብኝ፣ ብቻ ትጠይቀኝ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። እውነቱን ከሰላሙ ጀምራ በተራ ልትነግራት፣ በአፏ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ሰውነቷ ፈለገች።

«ዋግሪስ» አለች ሰዓዳ። «ዳጉ ንገረኝ።»

ዋግሪስ ደንግጦ በሐጂና በእሱ መካከል ተቀምጣ ተራዋ የተዘለለውን መዲናን አየ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ። «ዝናቡን አየሁ። ጎርፉን አየሁ። ደረቅ ነው አልኩ» አለ። ሰዓዳ እሱንም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችው። ሚስቱን ጠየቀቻት። ከሚስቱ ቀጥሎ ያለውን ጠየቀችው። ዳጉው እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ በተራ ሄደ፤ እያንዳንዱም ያየውን አየሁ ብሎ ነገራት።

መዲና ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ሰዓዳ ተነሥታ አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈችና ያሲን ወደሚቆፍርበት ወረደች። አጠገቡ ተንበርክካ በደህናው እጇ መቆፈር ጀመረች። ሌሎቹም አካፋቸውን ይዘው ተከተሏት። መዲና ያየችውን ሁሉ በልቧ ከሰላሙ ጀምራ ደርድራው ነበር፤ የሚጠይቃት ግን አልነበረም።